ሊቀ ቆይማ ላፕቶፕ ሲመርጡልኝ

በየቤተሰቡ ውስጥ፣ እሱን ሳያማክሩ ሶኬት ላይ የሚሰካ ነገር የማይገዛበት አንድ ሰው አለ። ክፉ ሰው አይደለም። እንዲያውም ከሁሉም አብልጦ የሚያስብላችሁ እሱ ነው፤ ችግሩ አስቦ አለመጨረሱ ነው። ፍሪጅ ልግዛ ብላችሁ ካማከራችሁት፣ እናንተ ወተታችሁን ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ እየነከራችሁ ስትጠብቁ እሱ የአሥራ አንድ ፍሪጆችን ድምፅ ያወዳድራል።

ለእኛ ቤተሰብ የደረሰን የታናሽ እህቴ ባል ነው። ትምህርት ቤት ውስጥ የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ ነው፤ ሠላሳ ሁለት ኮምፒውተሮችና አንድ አልዘጋ ያለ መስኮት በአደራ ይዟል። እኛ የምንጠራው "ቆይማ" እያልን ነው፣ አፉን ሲከፍት ቀድሞ የሚወጣው ይኸው ቃል ስለሆነ። ፊት ለፊት ስንገናኝ አንተ እለዋለሁ። እዚህ ግን ለዕውቀታቸው ክብር ስል አንቱ ልላቸውና ሊቀ ቆይማ ብዬ ልሹማቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እናቴ የምትኖረው በአውቶቡስ የሁለት ቀን መንገድ ርቃ ነው። ዓይኗን ሞራ ጋርዶባት ለኦፕራሲዮን ቀጠሮ ተይዞላታል፤ "አንቺ እጄን ሳትይዢኝ አልገባም" ብላለች። እኔም ሁለት ወር አብሬያት ልቆይ፣ ጽሑፌን ደግሞ ከዚያው ልልክ ወሰንኩ። የቤቴ ኮምፒውተር ከጠረጴዛው ጋር ካልሆነ ለብቻው የሚነሳ አይደለም። ስለዚህ ትንሽ፣ ቀላልና ርካሽ ላፕቶፕ አስፈለገኝ፤ በዚያ ላይ ሊኑክስ የሚሠራበት። ሊኑክስን ያስለመዱኝ ራሳቸው ሊቀ ቆይማ ናቸው። ከስድስት ዓመት በፊት ያ አሮጌ ኮምፒውተሬ ሲንፏቀቅ አይተው፣ ይህንን በነፃ የሚገኝ የኮምፒውተር ማስኬጃ ሥርዓት ጫኑበትና እንደ ጎረምሳ አስሮጡት። ከዚያ ወዲህ በሌላ መጻፍ ረስቻለሁ።

"ስንት ጊዜ አለን፣ እትዬ?" አሉኝ።

"ሦስት ሳምንት።"

"ቆይማ! ሦስት ሳምንት'ኮ ምንም ማለት አይደለም።"

በማግስቱ ገበያ ወጣን። ሊቀ ቆይማ አንገታቸው ላይ፣ ሌላው ሰው ቁልፍ በሚያንጠለጥልበት ክር፣ ሊኑክስ የተጫነበት ፍላሽ ያንጠለጥላሉ። ሱቅ እንደገቡ ሰላምታ እንኳ ሳይጨርሱ ፍላሹን ይሰኩና ላፕቶፑን በእሱ ያስነሱታል። ድምፁ ይሠራል? ካሜራው? ዋይፋዩ? ክዳኑን ሲዘጉት ይተኛል? ሲከፍቱትስ ይነሳል? ባለሱቆቹ ከሩቅ ሲያዩዋቸው ምሳ ሰዓት ነው እያሉ መዝጊያውን ይስቡ ነበር፤ ገና ከጠዋቱ አራት ሰዓት ሳይሞላ።

ቀጥሎ ሚዛን ይወጣል። ሚዛኑ የእህቴ የወጥ ቤት ሚዛን ነው፤ እሷ እስከ ዛሬ ጠፋ ብላ ትፈልገዋለች።

"አንድ ኪሎ ከሁለት መቶ ግራም ነው" አለ አንዱ ባለሱቅ በኩራት።

"ቻርጀሩስ?" አሉ ሊቀ ቆይማ። "እሱ በእግሩ ነው የሚሄደው?"

ከሁሉም የማልረሳው ግን የአውቶቡሱን ፈተና ነው። ሦስት በርጩማ አስጠግተው አስደረደሩ። መሀል እኔ፣ በግራዬ ባለሱቁ፣ በቀኜ ስልክ ሊያስጠግን የመጣ አንድ ወፍራም ሰውዬ። "ጠጋ በሉ፣ አውቶቡስ ውስጥ ናችሁ" አሉና ላፕቶፑን ጉልበቴ ላይ አስቀመጡት። "ጻፊ፣ እትዬ።" ክርኔ ሰውዬውን ነካው። "ወድቋል" አሉ፤ ላፕቶፑን ማለታቸው ነው። ሰውዬው ግን ስልኩን ረስቶ እስከ አራተኛው ላፕቶፕ ድረስ አብሮን ተፈተነ።

ሁለት ሳምንት በዚህ አለፈ። አንዱ ስክሪኑ ያብለጨልጫል። አንዱ ባትሪው አይፈታም። አንዱ ሁሉን አሟልቶ ሳለ፣ "ቆይማ፣ በሚቀጥለው ወር የዚሁ ታናሽ ሊወጣ ነው" ተባለ። እኔ እየተቃጠልኩ፣ "ያንተ እንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ እስኪሄድ እናቴ ሆስፒታል ደጅ ትቁም?" አልኳቸው። "የቸኮለ አፍሶ ለቀመ" ብለው መለሱልኝ፣ በትሕትና።

ከዚያ ቅዳሜ ዕለት እናቴ ደወለች። ሐኪሙ ስለሚሄድ ቀጠሮዋ ለመጪው ሐሙስ ተስቧል። "ካልደረስሽ ግድ የለም፣ ለሌላ ጊዜ አስተላልፉልኝ እላለሁ" አለች። ድምፅዋን አውቀዋለሁ። ካስተላለፈች ዳግመኛ እንደማትገባ፣ ከእንግዲህ እየዳበሰች እንደምትኖር ገባኝ። ማክሰኞ ማለዳ መሳፈር አለብኝ።

እሑድ ሊቀ ቆይማን ሳላማክር ብቻዬን ሄጄ ከሁሉ ርካሹን ገዛሁ። ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ይባላል፤ የእኔ መከራ ቤት እስክደርስ አልጠበቀም። ለሸጠልኝ ልጅ ተጨማሪ ከፍዬ ሊኑክስ ቢጭንልኝ፣ ዋይፋዩ ከሊኑክሱ ጋር አልስማማ ብሎ ጭራሽ የለም። በገመድ ካልሆነ ኢንተርኔት አያውቅም። "የተሸጠ ዕቃ አይመለስም" የሚለውን ጽሑፍ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። አምጥቼ ቁም ሳጥን ውስጥ ልብስ ደረብኩበት።

ሰኞ ከሰዓት ሻንጣ ሳስገባ ሊቀ ቆይማ መጡ። ሹራብ ላቀብልሽ ብለው ቁም ሳጥኑን ከፈቱ። ላፕቶፑን አወጡ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው አስነሱት፣ ጥቂት ነካኩት። እኔ ስድቤን ቆሜ ጠበቅሁ።

አንቱታው እዚህ ላይ ያብቃ፤ ከዚህ ወዲያ አንጀቴ እሺ አይለኝም።

ከትከሻው ላይ ቦርሳውን አወረደና የራሱን ላፕቶፕ አወጣ፤ ያችን ጠርዟ የተፋቀች፣ የተማሪዎቹ የፈተና ጥያቄ ሁሉ ያለባትን ትንሽ ላፕቶፕ። "ቀጠሮው መሳቡን እህትሽ ነግራኝ፣ የኔን ሥራ ትላንት ወደ ፍላሽ ገልብጬዋለሁ" አለ። "ያንቺን ጽሑፎችም ገበያ ወጥተሽ ሳለ ከቤትሽ ኮምፒውተር አምጥቼባታለሁ። ፊደሉንም አተለቅሁት፣ እማማ ዓይናቸው ሲገለጥ ያንቺን ጽሑፍ ራሳቸው እንዲያነቡት።"

"ትላንት?" አልኩ። እኔ ያን ጉድ ቁም ሳጥን ውስጥ ስደብቅ እሱ የራሱን ባዶ ያደርግ ነበር ማለት ነው። "ቆይማ፣" አልኩ በተራዬ፣ "አንተስ በምን ትሠራለህ? ትንሽ እናስብበት እንጂ።"

"ምን ቆይማ አለ!" ብሎ ጮኸብኝ። ከተዋወቅን ጀምሮ ጮኾብኝ አያውቅም። "እናትሽ እየጠበቁሽ ነው'ኮ! ሂጂ!"

አውቶቡሱ ላይ የደረሰኝ የመሀል ወንበር ነው። በግራዬ አንድ ወታደር፣ በቀኜ ሕፃን የታቀፈች ሴት። ላፕቶፗን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ጻፍኩ፤ ክርኔ ማንንም አልነካም። የሳቅሁበትን ምክንያት ለወታደሩ ማስረዳት አልቻልኩም።

ሐሙስ የእናቴን እጅ ይዤ እስከ ኦፕራሲዮን ክፍሉ በር ድረስ አደረስኳት።

አሁን ስለ እሱ ሳስብ፣ ያ "ቆይማ" ስስት ወይም ፍርሃት አይመስለኝም። እህቴ እንደነገረችኝ፣ ግዙ ብሎ ያስገዛቸውን ኮምፒውተሮች ሁሉ እንደ ዳራቸው ልጆች ጤናቸውን እየደወለ ይጠይቃል። አንዱ የተበላሸ እንደሆነ ምሳ አይበላለትም። እኛ ምክር ጠይቀን፣ ገዝተን፣ እንረሳለን። ሰው በእሱ ቃል ተነሥቶ እንዳይጸጸት የሚጨነቀው እሱ ብቻ ነው። የራሱን ሲሰጥ ግን አንዲት ደቂቃ አልፈጀበትም።

ትላንት እህቴ ደወለች። ባሏ ትቼለት የመጣሁትን የእኔን ግዢ ይዞ ኮሪደር ላይ ወንበር አውጥቶ ይውላል አለች፤ የኢንተርኔቱ ገመድ ሳሎን አይደርስም። ተማሪዎቹን "ላፕቶፕ ማለት እንደ ልብ የሚዞሩበት ነው" እያለ የሚያስተምር ሰው፣ ከግድግዳ ጋር ታስሮ ፈተና ያርማል። እሷም እንግዳም ገመዱን እየተራመዱ ያልፋሉ። ስልኩን ስጪው አልኳት።

"አንተ፣ ትንሿን የዋይፋይ መቀበያ ግዛና ሰካበት እንጂ! የጥፍር ያህል ናት፣ ዋጋዋም ምንም አይደል። እኔ እልክልሃለሁ።"

ይህን ስጽፍ እናቴ አጠገቤ ተቀምጣ፣ አዲሱን መነጽሯን አድርጋ፣ በእሱ ላፕቶፕ ላይ ይህንኑ ጽሑፍ በጣቷ እየተከተለች ታነባለች። "ቆይማ" የሚለው ላይ በደረሰች ቁጥር ትስቃለች።

"ቆይማ፣ እትዬ" አለኝ እሱ ትላንት በስልክ። "ከሊኑክስ ጋር የሚስማሙ ሁለት ዓይነት አግኝቻለሁ። እያወዳደርኩ ነው።"