አምስት ጋቢና አንዲት መኪና

ሰው ሃምሳ ዓመት ካለፈው በኋላ መጫወቻ መግዛት ነውር ነው፤ መሥራት ግን ነውር አይደለም። ከገዛ «ጃጀ» ይሉታል፤ ከሠራ «ፈጠራ» ይሉለታል። ይህን ሕግ ማን እንዳወጣው አላውቅም፤ እኔ ግን እንደ ጥሩ ዜጋ ተጠቅሜበታለሁ። የራዲዮና የቴሌቪዥን ጠጋኝ ነኝ። ሱቄ ኮልፌ ነው። ዕድሜዬ ሃምሳ አራት ነው። አንድ ዓመት ሙሉ ቁጭ ብዬ የሠራሁት ደግሞ በሪሞት የምትሄድ የጭነት መኪና ነው። ይኸው ተናዘዝኩ።

የሕፃን መጫወቻ እንዳትመስላችሁ ታዲያ። ርዝመቷ ክንዴን ያህላል። ሁለት ሞተር አላት፤ አንዱ የፊቱን ጎማ፣ ሌላው የኋላውን ይነዳል። ሞተሮቹ እንደ እነዚያ ካርቦናቸው ባለቀ ቁጥር እንደሚያስለቅሱን ሞተሮች አይደሉም፤ ካርቦን የሚባል ነገር የላቸውም፤ ብራሽለስ ነው የሚሏቸው። ከዱባይ በሰው ሻንጣ፣ በካልሲ ተጠቅልለው መጡልኝ። ሻንሲዋን፣ የታች አጽሟን ማለት ነው፣ ጎረቤቴ መላኩ ብየዳ ቤቱ ውስጥ ከበር ትርፍራፊ ብረት ሠራልኝ፤ ክብደቷም በዚያው የበር ክብደት ሆነ። አንድ ሞተር አይበቃም ነበር ወይ ትሉኝ ይሆናል። ባለቤቴም ይህንኑ ጠይቃኝ ነበር። መልሱን እኔም በትክክል ስለማላውቀው በቴክኒክ ቃላት አደናግሬ አሳለፍኳት።

መጀመሪያ የሞከርኳት ሱቄ ውስጥ፣ ጠረጴዛ ላይ ነው። ሪሞቱን በአውራ ጣቴ ነካ ባደርገው ከጠረጴዛው ተወርውራ ቴሌቪዥን ላይ አረፈች። ድምፅ እምቢ ብሎ የመጣ የደንበኛ ቴሌቪዥን ምስልም እምቢ ብሎ ቀረ። ለዚች ፍጥረት ረጅምና ለጥ ያለ መሬት እንደሚያስፈልጋት የገባኝ ያኔ ነው። መላኩ ወደ ሳንሱሲ አካባቢ ሜዳ አለ ብሎኝ ነበር። በር የሚያህል ብረት ተሸክሞ ታክሲ የሚጋፋ ማን ነው ብዬ ተውኩት። ስንፍናዬን ዛሬ ድረስ እረግመዋለሁ። የሰፈራችን መንገድ ድንጋይ ንጣፍ ነው፤ ለጥ ያለ አስፋልት ያለው በአንድ ቦታ ብቻ፣ ከእትዬ ጥሩነሽ በር እስከ ቱቦው ድረስ ነው። እሱም ባጃጁ ሳይነሳ፣ በማለዳ ካልሆነ ባዶ አይገኝም።

እትዬ ጥሩነሽ ማለት ባላቸው የሞተባቸው፣ አንድ ልጅ ብቻ ያላቸው ሴት ናቸው። ልጃቸው ብሩክ በባሕር እሻገራለሁ ብሎ ከሄደ በኋላ ስልኩ ከተዘጋ ስምንት ወር ሆኖት ነበር። ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። እኔም አውቃለሁ፤ መላኩም ያውቃል። ይህን ሁሉ እያወቅን፣ አስፋልቱን ስንመርጥ ያየነው አስፋልቱን ብቻ ነው። ሰው ሁለት ሞተር እኩል ማሠራት ይችልና ሁለት ነገር አንድ ላይ ማሰብ ያቅተዋል።

ቅዳሜ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እንገናኝ ብዬ የቀጠርኩት መላኩን ብቻ ነበር። እኛ ሰፈር ግን ምስጢር ሁለት ሰው ዘንድ ያድራል እንጂ አይሰነብትም። ጋሽ ደምሴ ሰምተው መጡ። ጋሽ ደምሴ የእድራችን ዳኛ ናቸው፤ ሠላሳ ዓመት ተሳቢ ነድተው፣ ጉልበታቸው እምቢ ሲል ያቆሙ ሰው ናቸውና «እባክህ ሪሞቱን አንዴ ልያዘው» ብለው ለምነውኛል። እሳቸው ደግሞ ሁለት የእድር ሽማግሌዎች አስከትለው ነው የመጡት። አምስት ሆንን። ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ ሁላችንም ጋቢ ለብሰናል።

መኪናዋ ከመነዳቷ በፊት ሁለቱን ሞተሮች ከሪሞቱ ጋር ማስተዋወቅ ያስፈልጋል። የሞተሮቹ መቆጣጠሪያዎች ጢት፣ ጢት እያሉ ነው የሚያናግሯችሁ፤ ቆጥራችሁ በልኩ ካልመለሳችሁላቸው ከሀ ትጀምራላችሁ። ድምፁ ደግሞ ከትንኝ አይበልጥም። «እባካችሁ ትንፍሽ እንዳትሉ» አልኩ። ሽማግሌ መታዘዝ ከጀመረ አያድርስ ነው። አምስታችንም መሬት ላይ ያለችውን መኪና ከበን፣ እጃችንን አጣምረን፣ አንገታችንን ደፍተን ጸጥ አልን።

እስቲ አሁን ነገሩን ከግቢው ውስጥ ሆናችሁ እዩት። እትዬ ጥሩነሽ ኪዳን ሊያስደርሱ ነጠላቸውን አጣፍተው በራቸውን ይከፍታሉ። አምስት ወንዶች በጋቢ፣ ያውም የእድሩ ዳኛ መካከላቸው ሆነው፣ ሳይናገሩ፣ አንገት ደፍተው ደጃቸው ላይ ቆመዋል። መኪናዋን ጋቢያችን ከልሏታል። በዚህ አገር በዚህ ሰዓት እንዲህ ሆኖ የሚመጣ እንግዳ አንድ ዓይነት ብቻ ነው፤ እሱም መርዶ ነጋሪ ነው።

«ልጄን!» አሉ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያሉት። ከዚያ ወደቁ።

እኔ ደንግጬ ሪሞቱን ጨመቅሁት። መኪናዋ በመላኩ እግሮች መካከል ሾልካ፣ እያፏጨች አስፋልቱን ከዳር እስከ ዳር ጨርሳ ቱቦ ገባች። የዓመት ድካሜ የመጀመሪያ ጉዞዋን ስታደርግ ዞር ብሎ ያያት ሰው የለም፤ እኔም አላየኋት።

በአንድ ጩኸት የሰፈሩ በር ሁሉ ተከፈተ። ሴቶቹ ደረታቸውን እየደቁ መጡ። ምን እንደተፈጠረ የጠየቀ የለም፤ የእድሩ ዳኛ ራሳቸው በጋቢ ቆመው እያየ ማን ማስረጃ ይጠይቃል? እኔ «ኧረ መኪና ነው! መኪና ነው!» እያልኩ ብጮህ፣ አንዷ «ወይኔ፣ መኪና ገጭቶት ነው!» ብላ ተቀበለችኝ። በባሕር የሄደውን ልጅ በአንድ አፍታ በመኪና ገደልነው። የድንኳን ብረት ተሸክሞ የመጣም ነበር። እድራችን በሌላ ነገር ቢታማ በድንኳን አይታማም።

በመጨረሻ ጋሽ ደምሴ እጃቸውን አንስተው ሰዉን ዝም አሰኙና «እትዬ ጥሩነሽ፣ ለመርዶ አይደለም የመጣነው፤ መጫወቻ ልንሞክር ነው» አሉ።

ይህ ንግግር ነገሩን አባሰው። መርዶ ነጋሪ መቼ በቀጥታ ይናገራል? መጀመሪያ «ትንሽ አሞት ነበር» ይላል፤ ቀጥሎ «ሆስፒታል ገብቷል» ይላል፤ እንዲህ እያለ ነው እውነቱ ዘንድ የሚደርሰው። እትዬ ጥሩነሽ በዕድሜያቸው ብዙ መርዶ ሰምተዋል፤ በመጫወቻ የሚጀምር ግን ሰምተው አያውቁም። «እናንተን የሚያካክሉ ሰዎች በዚህ ማለዳ ለመጫወቻ?» አሉ ከመሬት ሳይነሱ። «እንደ ወጉ እንኳ አትነግሩኝም?» ዕድሜያችን መሰከረብን።

መላኩ ሮጦ ቱቦ ገባና አወጣት፤ ጭቃ እያንጠባጠበች ፊታቸው አስቀመጣት። እኔ ሪሞቱን ነካሁት። ጎማዎቿ ተሽከረከሩና የቱቦውን ጭቃ በነጭ ነጠላቸው ላይ ረጩት። ያኔ አመኑን። ለቅሶው ቀስ በቀስ ቀዘቀዘ። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም፤ መሬት ብትሰነጠቅ ከነሪሞቴ በገባሁ ነበር።

እትዬ ጥሩነሽ ግን አልጨረሱም። በራቸው ደፍ ላይ ተቀመጡ፤ ጋሽ ደምሴን ዓይን ዓይናቸውን እያዩ «እንግዲያው ብሩክ በሕይወት አለ ብላችሁ ማሉልኝ» አሉ።

ጋሽ ደምሴ ጋቢያቸውን አስተካከሉ። መላኩ የጭቃ እጁን ይጠርግ ጀመር። ሁለቱ ሽማግሌዎች ተያዩ። እኔ ሪሞቱን አጠፋሁት፣ አበራሁት፣ መልሼ አጠፋሁት። ለመርዶ ያልመጣን ሰዎች ለምሥራችም እንዳልመጣን ያን ጊዜ ነው የታወቀኝ።

«ክፉ የሰማነው ነገር የለም» አሉ ጋሽ ደምሴ።

«ደግስ?»

«ደግም የለም።»

ሰዉ ተበተነ፤ የድንኳኑ ብረትም ተመለሰ። እኛም ልናመልጥ ስንል እትዬ ጥሩነሽ ወደ መኪናዋ ጎንበስ ብለው ዙሪያዋን ካዩ በኋላ «ይቺን ነው አምስት ወንድ ከብባችሁ የቆማችሁት?» አሉና ሳቁ። ሳቅና ለቅሶ መሆኑን ለመለየት የሚያስቸግር ዓይነት ሳቅ ነበር። እኛ ሳቅ ነው ብለን ወሰድነው፤ የሚቀለን እሱ ነዋ።

ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ ማለዳ ደጃቸው ላይ መገናኘት ልማዳችን ሆነ። እኔ ሞተሮቹን ፈትቼ አጠብኩ፣ ጎማውን የሚያሽከረክረውን የዛገ ኩሽኔታ ቀየርኩ፣ መኪናዋም አዲስ ሆነች። እትዬ ጥሩነሽ ኮቴያችንን ሲሰሙ የሚቀመጡባትን ዱካ ይዘው ይወጣሉ። በሦስተኛው ቅዳሜ ሪሞቱን ጠየቁኝ። ምን ልበላችሁ፤ ጋሽ ደምሴ ያን ሁሉ ዓመት ተሳቢ ነድተው መኪናዋን ደጋግመው ቱቦ ሲከቷት፣ እትዬ ጥሩነሽ አንድም ቀን አልከተቷትም። አስፋልቱ ጫፍ ላይ ሲያዞሯት «ነይ፣ ነይ ወደ ቤት» ይሏታል። ማንን እንደሚጠሩ ሁላችንም እናውቃለን።

እውነቱን ለመናገር ኮርተን ነበር። ትልቅ ጥፋት አጥፍተን ትልቅ መድኃኒት ያገኘን መሰለን። ጋሽ ደምሴማ እድሩ መኪናዋን በቋሚ ንብረትነት ቢመዘግባት ምን ይለዋል እስከማለት ደርሰው ነበር።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ክረምቱ ሲወጣ ጋሽ ደምሴ ሱቄ መጡ፤ ስለ መኪናዋ አልጠየቁኝም። ከብሩክ ጋር አንድ ጀልባ ላይ የነበረ ልጅ በሰው አገር እስር ቤት ከርሞ ሲፈታ ለቤተሰቦቹ ደውሏል፤ ቤተሰቦቹ ከቤቴል ድረስ መጥተው ለእሳቸው ነገሯቸው። ጀልባዋ ተገልብጣለች፤ የደወለው ልጅ ብሩክ ሲሰምጥ በዓይኑ አይቷል። የሆነውም ስልኩ በተዘጋበት ሰሞን ነው። እትዬ ጥሩነሽ «ማሉልኝ» ሲሉን፣ ብሩክ ከሞተ ስምንት ወር ሆኖት ነበር ማለት ነው።

«እኔን ተዉኝ» ብዬ ጋሽ ደምሴን ለመንኳቸው። ካልሆነም በቀትር እንሂድ፣ ጋቢው ይቅርና ኮት እንልበስ አልኩ። ተቆጡ። «መርዶ በቀትር ሲነገር የት አይተሃል? ከቤት ሳይወጡ፣ በማለዳ ነው። ጎረቤት ሆነህ ልትቀር ነው ደግሞ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ወጉ እንደዚያ ነው። ለወጉ የሚመረጡት የሰፈሩ ሰዎችም ያው እኛው ነን።

ረቡዕ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ አምስታችንም ጋቢያችንን ለብሰን ደጃቸው ቆምን። ዘመዶቻቸው መታጠፊያው ጋ ሆነው ይጠብቃሉ። ማን እንደሚያንኳኳ አንገታችንን ደፍተን ስንገፋፋ በሩ ከውስጥ ተከፈተ።

እትዬ ጥሩነሽ አዩንና ፊታቸው በራ። ጎንበስ ብለው በእግሮቻችን መካከል መሬቱን ፈለጉ።

«ቅዳሜ መስሏችሁ ነው? ዛሬ እኮ ረቡዕ ነው» አሉን እየሳቁ። «ይሁን፣ አንዴ መጥታችኋል፤ አትደብቋት፣ አውጧትና ልንዳት።»