ጋሽ ታደለ እና የጌም መሪ

ሾፌር የነበረ ሰው መሪ አይቶ ዝም ብሎ ያልፋል ብላችሁ ታስባላችሁ? ጎረቤቴ ጋሽ ታደለ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከኮልፌ ጦር ኃይሎች ሚኒባስ ታክሲ ሲነዱ የኖሩ ናቸው። አዲሱን የመኪና ጌም መሪዬን ያዝ አደረጉና፣ «ይሄማ ቀለለ፤ ትከሻ ካልተሰማው ምኑን መሪ ሆነ?» አሉ። በሴቲንጉ እሳቸው በቃ እስኪሉ አከበድኩት። ወንበራቸውን አስጠጉ፤ የሌለውን የጎን መስታወት ሳይቀር በእጃቸው አስተካከሉ።

ውድድሩ ሲጀመር ሌሎቹ መኪኖች ተፈተለኩ። ጋሽ ታደለ ግን ቀኝ ጠርዛቸውን ይዘው ቀስ ብለው ሄዱና ከመንገዱ ዳር የተሰለፉት ተመልካቾች አጠገብ ቆሙ።

«ጋሼ፣ ምነው ቆሙ?»

«ይሄ ሁሉ ሰው ቆሞ አይታይህም እንዴ?»

«ውድድር እኮ ነው፤ ሁሉም ቀደሙዎት።»

ያለፏቸውን መኪኖች በሐዘኔታ አዩና፣ «ባዶአቸውን ቀድመው ቢደርሱ ምን ሊረባቸው?» አሉኝ።