ከርዕሰ መምህርቷ ጋር ሳልጣላ መታረቄ

የኛ ሰው ሥራ የሚለቀው ወይ የተሻለ ሲያገኝ፣ ወይ ሲባረር፣ ወይ ሲታመም ነው። ከዚህ ውጪ ምክንያት ያለው ሰው ዝም ቢል ይሻለዋል፤ ዝም አይነቅዝም። ፈረንጅ ግን ጤናው ሳይጓደል፣ አለቃው እየወደደው፣ አንድ ቀን ብድግ ይልና «ዓለምን ልዞር ነው» ይላል። ባልደረቦቹም ኬክ ይቆርሱለታል። እኔም ሚኒያፖሊስ ውስጥ የስንቱን ተሰናባች ኬክ ስበላ ኖሬ ነው መሰለኝ፣ ነገሩ ተጋባብኝ።

ፊሊፕስ ሠፈር አጠገብ ባለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ አስተምር ነበር። ሥራውን ጠልቼው አይደለም፤ ተማሪዎቼም ደህና ልጆች ነበሩ፣ በተለይ ሲተኙ። ክፍሌ መስኮት አልነበረውም። በመስኮቱ ፋንታ ከኔ በፊት የነበረው መምህር ትቶት የሄደ ትልቅ የዓለም ካርታ ተሰቅሏል። ልጆቹ ፈተና ላይ ሲያጎነብሱ እኔ ካርታው ላይ እጓዛለሁ። ከሜክሲኮ እነሳና በአውቶቡስ እየወረድኩ፣ እየወረድኩ፣ ደወሉ ሲደወል ፔሩ ላይ ይይዘኛል። ሚስት የለኝ፣ ልጅ የለኝ፣ የቤት ዕዳ የለብኝ። ታዲያ አሁን ያልሄድኩ ጉልበቴ ሲከዳኝ ልሄድ ነው? በረዶው መቅለጥ ሲጀምር ለርዕሰ መምህርቷ ሰኔ ላይ ሥራዬን ኩዊት ላደርግ ነው አልኳት። አቅፋኝ እንኳን ደስ ያለህ አለችኝ፤ እንዲያውም ቀናሁብህ ብላኛለች።

የቀረኝ የእትዬ አስናቀች ምርቃት ብቻ ነበር። እትዬ ታላቅ እህቴ ናት። እናታችን ስትሞት ያሳደገችኝ እሷ፣ አሜሪካም ያመጣችኝ እሷ። ከሚኒያፖሊስ ወጣ ብላ ብሩክሊን ሴንተር ትኖራለች፣ ነርሲንግ ሆም ውስጥ አረጋውያን ትጦራለች። እሷ ሳትመርቀኝ ረጅም መንገድ ወጥቼ አላውቅም። የሒሳብ መምህር ሆነህ በምርቃት ታምናለህ ወይ የሚለኝ ካለ፣ አዎ አምናለሁ። ያለ እሷ ምርቃት አውሮፕላን ውስጥ ብቀመጥ ክንፉ የሚወልቅ ነው የሚመስለኝ።

ነገርኳት። መጀመሪያ የጠየቀችኝ ማን እንዳባረረኝ ነው። ማንም አላባረረኝም አልኳት። ቀጥላ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ሐኪሙ ምን እንዳለኝ ጠየቀችኝ። ደህና ነኝ ብዬ ማልኩላት። ይሄኔ አለቀሰች። ጤነኛ ሰው ጤነኛ ሥራውን የሚጥል ከሆነማ የባሰ በሽታ ነው አለች። ካልጠገቡ አይዘሉ፣ ካልዘለሉ አይሰበሩ ብላ ተረተች፤ ስለ ቆጡና ስለ ብብቱም አስታወሰችኝ። እዚሁ የተወለደችው ልጇ ከጓዳ ብቅ ብላ «ማም፣ ኢትስ ጀስት ትራቭል»፣ ጉዞ ብቻ እኮ ነው ብትል፣ አንቺ ደግሞ ዝም በይ ተባለች። በመጨረሻ እንባዋን ጠርጋ «ከሥራህ ሳትታረቅ ምርቃቴን እንዳትጠብቅ» አለችኝ። እኔ ሞኙ የንዴት ንግግር መሰለኝ።

ለካ እትዬ ነገሩን አስባበት ኖሯል። ሰው ያለ ጠብ ሥራ አይለቅም፤ ወንድሜ ከአለቃው ተጣልቶ ኩራት ይዞት ነው እንጂ ምን ጉድ ነው? ጠብ ካለ ደግሞ መፍትሔው የታወቀ ነው። ሽማግሌ ይላካል። ለማን? ለተበዳይ። ተበዳይ ማናት? ርዕሰ መምህርቷ!

ጋሽ በዳዳ ኤርፖርት ታክሲ ሲነዱ የኖሩ ሰው ናቸው። ከብሩክሊን ሴንተር እስከ ዉድበሪ እሳቸው ያላስታረቁት ባልና ሚስት ካለ ገና ያልተጣላ ነው። እሳቸው ሁለት ጓደኞቻቸውን አስከትለው፣ ሦስቱም ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ደረታቸው ላይ የእንግዳ ምልክት ተለጥፎላቸው፣ በጠዋቱ ርዕሰ መምህርቷ ቢሮ ገቡ። እኔ በዚያው ሰዓት ታች መስኮት አልባ ክፍሌ ውስጥ ስለ ክፍልፋይ እጮሃለሁ።

የሆነውን በኋላ ከሁለቱም ወገን ሰምቻለሁ። ሴትዮዋ ሦስት የተከበሩ ሽማግሌዎች ፊታቸውን ከስክሰው ሲገቡ ስታይ የሞትኩ መስሏት ደነገጠች። ተቀመጡ አለቻቸው። ጋሽ በዳዳ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም አሉ። መቼም ሽማግሌ ቆሞ ነው የሚለምነው፤ እሺ ሳይባል ወንበር አይነካም። እሷ ይህን በየት ታውቀዋለች? ውሃ አመጣች፣ ውሃውንም እምቢ አሉ። እንግዶቿ ቆመው እሷ ልትቀመጥ አልቻለችምና ተነስታ ቆመች። አራቱም በዚያች ጠባብ ቢሮ ቆመው ድርድሩ ተጀመረ።

ጋሽ በዳዳ ልጃችን አጥፍቷል፣ ምን እንዳጠፋ አንጠይቅም፣ ትልቅ ሰው ይቅር ይላል አሉ። እሷም ኧረ ምንም አላጠፋም አለች። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። የሰው ነውር የምትሸፍን፣ እንዴት ያለች ጨዋ ናት! እሷ አላጠፋም ባለች ቁጥር እነሱ እጅ ይነሳሉ፤ እጅ በነሱ ቁጥር እሷ ግራ ይገባታል።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ደግ ነበር። ግን የኛ ሽምግልና በአንድ ወገን ብቻ አያልቅም። ጋሽ በዳዳ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ እስቲ አንቺስ ልጃችንን ያስቀየምሽው ነገር ይኖር ይሆን ብለው ጠየቁ። ፈረንጅ እንዲህ ተብሎ ተጠይቆ አያውቅም። ሴትዮዋ ከልቧ አሰበችበት። ከዚያ፣ አያድርስ ነው፣ መናዘዝ ጀመረች! መስኮት የሌለው ክፍል የሰጠሁት እኔ ነኝ አለች። የምሳ ሰዓት የተማሪ ጥበቃውን ሌላው ሁሉ ሲሸሽ እሱ እምቢ ስለማይል በሱ ላይ ጣልኩበት አለች። ስሙንም እስከ ዛሬ አስተካክዬ መጥራት አልቻልኩም ብላ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ይሄኔ ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ፤ ውሃውንም ጠጡ።

ከሰዓት በኋላ አስጠርታ ይቅርታ ጠየቀችኝ። እኛ አልተጣላንም እኮ ብላት፣ እንደዚያ እንደምትል ሽማግሌዎቹ ነግረውኛል አለችኝ። በዚህም አላበቃች፤ መልቀቄን ትታ የአንድ ዓመት ፈቃድ አድርጋዋለች፣ ስመለስ ሥራዬ ይጠብቀኛል፣ ያውም መስኮት ካለው ክፍል ጋር። ምን ልበላት? እሺ ይበልጣል ከሺህ ነውና እሺ ብዬ ወጣሁ።

ከዚያ ግን ደሜ ፈልቶ ብሩክሊን ሴንተር ድረስ እንዴት ድራይቭ እንዳደረግሁ አላውቅም። እትዬ፣ አዋረድሽኝ፣ ሰው ፊት እንደ ሕፃን አደረግሽኝ ብዬ ጮህኩባት። በሕይወቴ ስጮህባት ያ የመጀመሪያዬ ነው፤ ወዲያው ቆጨኝ። እሷ ግን አልተቆጣችም። ፈቃድ ነው ወይስ መባረር ነው አለችኝ። ፈቃድ ነው አልኳት። ስትመለስ ሥራህ አለ? አለ። እጆቿን አየት አደረገችና፣ ለካ ሲለመኑ ይሰጣሉ አለች። የዚያን ዕለት ነው ልብ ያልኩት፤ እትዬ እዚህ አገር ከገባች ጀምሮ የሰው እናት ስታገላብጥና ስታጥብ አንድም ቬኬሽን ወጥታ አታውቅም። ጠይቃም አታውቅም።

የመሄጃዬ ቀን አንድ ቦርሳ አዝዬ ለምርቃት ሄድኩ። ጉልበቷን ስሜ አጎነበስኩ። መንገዱን ጨርቅ ያድርግልህ፣ ክፉ አይንካህ፣ የሚጠላህ ይራቅህ አለችኝ፤ እኔም አሜን፣ አሜን እያልኩ እንባዬ መጣ። ቀና ስል ከበሩ ኋላ ሁለት ሻንጣ ቆሟል፣ አንዱ እኔን ያህላል። የማን ነው ብል፣ እነ ጋሽ በዳዳ ባለፈው ሳምንት ነርሲንግ ሆሙ ቢሮ ሄደው ሲለምኑላት እንደዋሉ ነገረችኝ። የሷ አለቃም ይቅርታ ጠይቆ ፈቃድ ሰጥቷል። ልጇም ብትሆን ዩኒቨርሲቲ ገብታለች፣ ራሷን ትችላለች። እትዬ እኔ እኮ ብቻዬን ልሄድ ነው ያሰብኩት ብላት፣ ያን ሁሉ ዓመት ያሳደግሁህ ብቻህን እንድትጠፋ ነው እንዴ አለችኝና ትልቁን ሻንጣ በእጇ አሳየችኝ።

ይኸውላችሁ፣ ነፃነት ፍለጋ ሥራዬን የጣልኩት ጎልማሳ፣ ሆንዱራስ ውስጥ ምድር እንደ ምድጃ በሚግልበት ቀትር፣ አውቶቡስ ላይ ጃኬት ለብሼ ተቀምጫለሁ። እትዬ ንፋስ ይመታሃል ብላኛለች።