ጃፓን ድረስ ሄዶ የተኛው ልጄ

ሁለት ሥራ ያለው ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? ከየት ታገኙታላችሁ! ሁልጊዜ ሌላኛው ሥራው ላይ ነው። የእኔው ልጅ ቀን አትላንታ ኤርፖርት ሻንጣ ይጭናል፣ ማታ ታክሲ ይነዳል። አትላንታ ዳር ታከር በምትባል ከተማ አንድ ቤት ውስጥ እየኖርን ድምፁን የምሰማው በስልክ ነው።

ኤርፖርት የሚሠራ ሰው ከነእናቱ በነፃ ይበራል አሉና አንድ ቀን፣ «እማዬ፣ ከሁለቱም ሥራ ኦፍ አግኝቻለሁ፣ ጃፓን ልውሰድሽ። ተራራ ላይ ያሉ የድሮ ከተሞች አሉ፤ ከምናርፍበት በባቡር ጠዋት ሄደን ማታ እንመለሳለን» አለኝ። እኔ ከተማውን ምን ላደርገው? ቀኑን ሙሉ ከልጄ ጋር ላወራ ነው ብዬ ተነሣሁ።

ጃፓን ገብተን ባቡር ተሳፈርን፤ ባቡሩ ገና ሳይንቀሳቀስ ትከሻዬ ላይ እንቅልፍ ወሰደው። ተራራው መጣ፣ ጥቋቁሮቹ የእንጨት ቤቶች መጡ። ቀደም ብለው ቲኬታችንን ያዩ አንዲት ጃፓናዊት አሮጊት፣ መውረጃችሁ ደረሰ ለማለት በጣታቸው ወደ ውጭ አሳዩኝ። እኔም ጣቴን ከንፈሬ ላይ አደረግሁ። መንግሥት ቢመጣስ እቀሰቅሰዋለሁ? ከተማው አለፈ።

መጨረሻው ጣቢያ ላይ ባንኖ ተነሣና፣ «ለምን አልቀሰቀስሽኝም? ታዲያ ምን ልታዪ መጣሽ!» አለኝ።

«አይቻለሁ፣ ልጄ» አልኩት።

ስንመለስም ተኛ።

ጎረቤቶቼ፣ «እትዬ፣ ጃፓንን እንዴት አዩት?» ሲሉኝ፣ ቤቶቹ ያምራሉ እላለሁ። ለእናንተ ግን እውነቱን ልንገራችሁ፤ ልጄ ከጆሮው በላይ ሸብቷል። እስከዚያ ቀን ድረስ አላየሁትም ነበር።