እስስቷ ጠበል የጠጣች ዕለት

ስድባችንን ልብ ብላችሁት ታውቃላችሁ? ግማሹን የወሰድነው ከእንስሳት ነው። ሰነፉን ተማሪ አህያ እንለዋለን፤ በዚህ አገር ግን እንደ አህያ የሚሠራ ካለ አሳዩኝ። ሆዳሙን ጅብ፣ ተንኮለኛውን እባብ እንላለን። ሰኞ ያለውን ማክሰኞ የሚክደውን ሰውዬ ደግሞ «እስስት!» ብለን እንጨርሰዋለን። እኔ በዘጋቢነት ያረጀሁ ሰው ነኝ። በእኛ ሥራ የተከሰሰ ወገን ምላሹን ሳይጠየቅ ወሬ አይወጣም። እስስት ግን ይህን ሁሉ ዘመን ስትከሰስ አንድም ሰው ጠይቋት አያውቅም።

እኔ ጠየቅኋት። የሆነው እንዲህ ነው።

ከደባርቅ ሥራ ጨርሼ ስመለስ እኔና የመሥሪያ ቤቱ ሾፌር ኮሶዬ ላይ ለምሳ ቆምን። ከምግብ ቤቱ አጥር ሥር ሦስት ጎልማሶች ዱላ ይዘው አንዲት ቁጥቋጦ ከበዋል።

«ምነው?» አልኩ።

«አይጠጓት አያ! እስስት ናት!»

«ምን አደረገች?»

«ምን ታደርጋለች? እስስት ናት እንጂ!»

ክሱ ይኸው ነበር። እስክርቢቶዬን ዘረጋሁላት። አንድ እግሯን አነሳች፣ አየር ላይ አቆየችው፣ መለሰችው፣ ደግሞ አነሳችው። አንድ ስብሰባ የሚያልቅበትን ጊዜ ወስዳ እስክርቢቶው ላይ ወጣች። ባርኔጣዬ ውስጥ አስገባኋት።

ሾፌሩ ሊሞት ደረሰ። «ጋሼ፣ እሷ ማኪናው ውስጥ ከገባች እኔ ጣራው ላይ ነው የምሄደው!»

«ማን ሊነዳው?» አልኩት።

ነዳ። አንድ ዓይኑን መንገዱ ላይ፣ አንዱን ባርኔጣው ላይ አድርጎ ነዳ። እሷም አንድ ዓይኗን መንገዱ ላይ፣ አንዱን እሱ ላይ አደረገች። ከሁለቱ መንገዱን ደህና አድርጋ ያየችው እሷ ናት።

የምኖረው ጎንደር፣ ቀሐ አካባቢ፣ እትዬ የሺ ግቢ ውስጥ በተከራየኋት አንዲት ክፍል ነው፤ አሥራ ሁለት ዓመት ኖሬባታለሁ። በተቆረጠ ጀሪካን አሸዋ ሞልቼ የግራዋ ቅርንጫፎች ተከልኩ፤ ጠዋት ፀሐይ የሚያገኘው መስኮት አጠገብ አቆምኩት፤ ከሥሩ በሻይ ሰሀን ንጹሕ ውሃ አኖርኩ። ስሟን እመይቴ አልኳት፤ አረማመዷ ከዚህ ያነሰ ማዕረግ አይፈቅድም። ምግቧ ዝንብና አንበጣ ነው። በግቢው በር በኩል ሱቅ ያላቸው ሐጂ ሰዒድ ይህን ሲሰሙ፣ «ጋዜጠኛው፣ ዝንብ ከፈለግህ ቴምሬ ላይ ና። እንኳን አንድ እስስት አሥር ብታመጣ አያልቅም» አሉኝ። ከግቢው የተደገፍኩት በእሳቸው ብቻ ነው።

እትዬ የሺ ግን ጉድ አሉ። ደግ ሴት ናቸው፤ ስታመም አጥሚት የሚያቀርቡልኝ እሳቸው ናቸው። የእስስት ነገር ሲሆን ግን ደግነታቸው በር ላይ ይቀራል።

«ከያዘችህ የሰማይ አህያ ካልጮኸ አትለቅህም!»

ጣቴን ሰጠኋት። ያዘችው። ጥቂት ቆይታ ለቀቀችውና ወደ ቅርንጫፏ ተመለሰች። ሰማዩ ዝም እንዳለ ነበር።

«ቀለሟስ? የነካችውን ሁሉ እየመሰለች ስንቱን ታታልላለች!»

ማስታወሻዬን አወጣሁ። ጠዋት ሲበርዳት ትጠቁራለች፤ ፀሐይ ሲነካት አረንጓዴ ትሆናለች፤ እትዬ የሺ በር ላይ ሲጮኹ እንደገና ትጠቁራለች። ቀይ መጋረጃ ላይ ሰቅያት ቀይ አልሆነችም። ነጭ ግድግዳ ላይ አስጠግቻት ነጭ አልሆነችም። «እትዬ፣ ማንንም አልመሰለችም። የተሰማትን ነው በቆዳዋ የምታሳየው» አልኳቸው።

«ከሰው ትሻላለች በለኛ!»

«አላልኩም። ያየሁትን ነው የማነብልዎት።»

ነጠላቸውን አጣፍተው ፍርዱን ሰጡ። «እሑድ የንስሐ አባቴ ጠበል ሊረጩ ይመጣሉ። እሷ ያን ጊዜ ካልወጣች ሁለታችሁም ትወጣላችሁ።»

«እንግዲያው ሁለታችንም እንወጣለን» አልኩና መጻሕፍቴን በካርቶን መክተት ጀመርኩ። ያሥራ ሁለት ዓመት ቤት ለእስስት ሲለቀቅ አይታችሁ ላታውቁ ትችላላችሁ። እኔም አላየሁም ነበር። ነገር ግን ዱላ የያዙትን ሦስት ጎልማሶች «ምን አደረገች?» ብዬ ጠይቄ፣ ያው መልስ ከቤቴ ሲደርስ እሺ ብል፣ እስስቱ ማን ሊሆን ነው?

ችግሩ ከሌላ በኩል መጣ። ሐሙስ ዕለት ዝንብ አቀረብኩላት፣ አልፈለገችም። አርብ ዓይኖቿ ወደ ውስጥ ገቡ። ቅዳሜ በጠራራ ፀሐይ ዓይኗን ጨፍና ዋለች። ውሃውን ጠዋት ማታ እለውጣለሁ፤ ሰሀኑ እንደሞላ ነው። እኔም በማስታወሻዬ፣ «እስስት ውሃ አትጠጣም» ብዬ ጻፍኩ፤ ከሥሩም አሰመርኩበት። ስንት ዓመት የሰው ስሕተት ሳርም የኖርኩ ሰው ነኝ።

እሑድ ቄስ ምትኩ መስቀላቸውንና የጠበል ዕቃቸውን ይዘው መጡ። ከኋላቸው እትዬ የሺ፣ ከእትዬ የሺ ኋላ ግቢው ሁሉ። ሐጂ ሰዒድ ከሱቃቸው አንገታቸውን አስግገዋል። እኔ በሬ ላይ ቆምኩ።

«አባ፣ ይርጩ። ማስወጣት ግን የለም።»

ቄሱ ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ። «ልጄ፣ የእኔ ሥራ መርጨት ነው። ማን እንደሚወጣ እሱ ያውቃል።»

መንገዱን ለቀቅሁ። አራቱን ማዕዘን ረጩ፤ አልጋውን ረጩ፤ ካርቶኖቼ ላይ ትንሽ በዛ። በመጨረሻ የግራዋው ቅርንጫፍ ላይ ሦስት ጊዜ ረጩ። በሩ ላይ ያለው ሕዝብ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። ምን እንደጠበቁ እንጃ፤ ጩኸት ይሆናል፣ ጢስ ይሆናል። እኔ የጠበቅሁት ሞቷን ነበር።

አንድ ዓይኗ ተከፈተ። ዞረና ቄሱን አየ። ሌላው ተከፈተና ቅጠሉ ላይ የተንጠለጠለችውን ጠብታ አየ። እመይቴ አንገቷን ሰገግ አድርጋ፣ አፏን ከፍታ፣ ጠብታዋን ጠጣች። ወደሚቀጥለው ቅጠል ዞረች፤ ጠጣች።

«እስኪ» አሉ ቄሱ፤ ደግመው ረጩ። ደግማ ጠጣች።

የእትዬ የሺ እልልታ ሰፈሩን አናጋው። «ተፈወሰች! ጠበል የጠጣች ፍጥረት ከእኔ ግቢ አትወጣም! ካርቶንህን ፍታ!»

ሌላ ሰው ቢሆን አመስግኖ ካርቶኑን ይፈታ ነበር። እኔ ግን ያየሁትን አይቻለሁ። «እትዬ፣ የገባኝን ልንገርዎት። እንስሳዋ ከሰሀን መጠጣት አታውቅም፤ ከቅጠል ላይ ጠል ነው የምትለቅመው። የቧንቧ ውሃም ቢረጭ ያው ነበር።»

እትዬ የሺ ረጋ ብለው አዩኝ። «ታዲያ ለምን አልረጨህላትም?»

ስንት ባለሥልጣን ፊት ቁጭ ብዬ ስንት ጥያቄ ጠይቄአለሁ። እንዲህ ያለ ጥያቄ አንድም ቀን አላወጣሁም። ማስታወሻዬን ገልጬ ያሰመርኩበትን ዓረፍተ ነገር ሰረዝኩ።

ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ እትዬ የሺ ጠበል ይረጩላታል፤ በሌላው ቀን እኔ የቧንቧ ውሃ እረጫለሁ። ሁለቱንም እኩል ትጠጣለች፤ ይህንንም ጽፌአለሁ። ሲጠይቁኝ አልደብቅም፤ እሳቸውም ሰምተው አይቀየሩም።

ባለፈው ሳምንት ግን ቧንቧው ደረቀ፤ ጀሪካኖቹም ባዶ ነበሩ። ቢቸግረኝ ብርጭቆ ይዤ የእትዬ የሺን በር አንኳኳሁ።

«እትዬ፣ ትንሽ ጠበል አይኖርዎትም?»

ብርጭቆውን ካፍ እስከ ገደፉ ሞልተው ሰጡኝና ወደ ግቢው ዞረው፣ «ኑ እዩልኝ! ይኸው ተለወጠላችሁ!» አሉ። ግቢው በሳቅ ፈነዳ። ሐጂ ሰዒድ እንኳ ከሱቃቸው፣ «ከማን ጋር ነው የሚኖረው!» አሉ።

አልተለወጥኩም። ለእመይቴ ቅጠሏን በጠበሉ አርጥቤላት ማስታወሻዬን ገለጥኩና የዕለቱን ጻፍኩ፦ «ዛሬ ቧንቧው ውሃ የለውም።»