ከጋሽ ዋት ጋር ኮምፒውተር መግጠም

ዕቃ ልትገዙ ማሰባችሁን ከእናንተ ቀድሞ የሚሰማ ሰው በየሰፈሩ አይጠፋም። የኤሌክትሪክ ማንቆርቆሪያ ገዝታችሁ ስትገቡ ደረጃው ላይ ይጠብቃችኋል። ክዳኑን ከፍቶ፣ ሽቦውን በጣቱ ጨመቅ አድርጎ፣ "ይሄማ ክረምቱን አይሻገርም" ይላችኋል። ለእሱ በዓለም ላይ የተሠራ ዕቃ ሁሉ እሱን ሳያማክሩ የተሠራ ስህተት ነው።

የእኛ ሕንፃ ድርሻ ክቡር ጋሽ ዋት ናቸው። የሆስፒታል አሳንሰር ሲጠግኑ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። እናታቸው ያወጡላቸው ስም ሌላ ነው፤ ግን "ስንት ዋት ነው?" ሳይሉ ስለማያልፉ ይኸኛው ተለጥፎባቸው ቀረ። ጎረቤታችን የልጇን እጮኛ ብታስተዋውቃቸው፣ "ደህና ልጅ ይመስላል፤ ጭነት ሲበዛበት እንዴት ነው?" ብለዋታል። "ተሳስቻለሁ" የሚል ቃል ደግሞ ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም። የእኛን የበር ደወል የጠገኑልን ጊዜ ደወሉ የጎረቤትን ቤት መጥራት ቢጀምር፣ ጥፋቱ የግድግዳው ሆነ።

እጃቸው ላይ የወደቅሁት በአባዬ ምክንያት ነው። አባዬ ዕድሜውን ሙሉ የረጅም መንገድ አውቶቡስ ነድቷል። ልቡን ሲያመው ሐኪሙ መሪ እንዳይነካ ከለከለው። ከዚያ ወዲህ መስኮት ሥር ተቀምጦ በታች የሚያልፉትን ሹፌሮች የማርሽ አለዋወጥ ይተች ነበር። ቀስ በቀስ መተቸቱንም ተወው። ያስፈራኝ ያ ዝምታው ነው። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ አውቶቡስ የሚነዳበት ጌም እንዳለ፣ መሪውና ፔዳሉ ከእውነተኛው እንደማይለይ ነገረችኝ። ጌሙ ግን አቅም ያለው፣ ክፍሉ ተመርጦ የሚገጣጠም ኮምፒውተር ይፈልጋል። ይህን በስልክ ሳወራ ጋሽ ዋት በደረጃው እየወጡ ነበር። በቃ፣ አለቀልኝ።

በማግስቱ ኮታቸውን ለብሰው፣ የልብስ ሰፊ ሜትር በኪሳቸው ይዘው አብረውኝ ሱቅ ሄዱ። ባለሱቋ ትዕግሥተኛ ሴት ነበረች፤ መጀመሪያ ላይ። የመረጠችልንን ዕቃ ጠረጴዛው ላይ ደረደረች። ጋሽ ዋት መነጽራቸውን አድርገው ፕሮሰሰሩንና እሱ የሚሰካበትን ማዘርቦርድ ጎን ለጎን አዩና፣ መቀመጫቸው ስለማይገጥም እነዚህ ሁለቱ መቼም አይጋቡም አሉ። ባለሱቋ ካርቶኑ ላይ ያለውን ቁጥር ደግማ አየችና ሌላ ማዘርቦርድ አመጣች። ቀጥለው ምስሉን የሚያወጣውን ግራፊክስ ካርድ ለኩት፤ ዕቃው ሁሉ ከሚገባበት ቆርቆሮ፣ ከኬዙ፣ ሁለት ጣት ይረዝማል። ጫማ ቢጠብብሽ ተረከዝሽን ትቆርጫለሽ ወይ ብለው ጠየቁኝ። አልቆርጥም አልኩ። ኬዙም ተለወጠ። እንዲህ ያለ ሰው የሚያናድደው ስለሚያስቸግር አይደለም፤ እያስቸገረ ልክ ስለሚሆን ነው።

ፓወር ሳፕላዩ ላይ ግን ከረምን። ከግድግዳው መብራት ተቀብሎ ለየክፍሉ የሚያድለው ሣጥን ነው። ባለሱቋ ባለ አምስት መቶ ዋቱን አቀረበች። ጋሽ ዋት የካርዱን፣ የፕሮሰሰሩን፣ የማራገቢያውን ፍላጎት በእርሳስ ደመሩ። አራት መቶ ሃያ ሆነ። ታዲያ ይበቃላ ብል በሐዘን አዩኝ። አሳንሰር ላይ "አሥር ሰው" ተብሎ ሲጻፍ ገመዱ የሚችለው አሥር ሰው ብቻ ይመስልሻል ወይ አሉኝ። ካርዱ ሥራ ሲበዛበት ለቅጽበት ከተጻፈለት በላይ እንደሚስብ፣ ደካማ ሣጥን ላይ የተጻፈ ቁጥር ደግሞ ምኞት እንጂ ቃል ኪዳን አለመሆኑን አስረዱን። ደህናው ባለ ሰባት መቶ ሃምሳ ይሁን ብለው ወሰኑ። እሱ የሚመጣው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው ተባለ። ሁለት ሳምንት ምን አላት ብለው ኮታቸውን ቆለፉ።

ለእኔ ብዙ ነበራት። አባዬ በዚያው ሳምንት ቁርሱን ሁለቴ ሳይነካው መለሰ። ጋሽ ዋት እህታቸውን ሊጠይቁ ሲሄዱ ጠብቄ ያንን ባለ አምስት መቶውን ገዛሁ፤ ባለሱቋም ቤት መጥታ ገጠመችልኝ።

አባዬ መጀመሪያ በጎን ነበር ያየው። ከዚያ ወንበሩን ወደፊት ሳብ አደረገ። እጁ መሪው ላይ ሲያርፍ የጎበጠ ትከሻው ቀና አለ። ከተማውን በቀስታ ዞረ፤ ፌርማታ ላይ ቆሞ በር ከፈተና ለሌሉት ተሳፋሪዎች "ተረጋግታችሁ ውረዱ" አላቸው። ፊቴን አዙሬ ዓይኔን ጠረግሁ።

ከከተማ ወጥቶ ዳገት ሲጀምር ዝናብና ጭጋግ መጣ፤ ማራገቢያው ጮኸ፤ ኮምፒውተሩ ድርግም አለ። አስነሣሁት። እዚያው ዳገት ላይ ደግሞ ጠፋ። በሦስተኛው አባዬ እጁን ከመሪው አነሣ።

"እኔ ነኝ" አለ። "ማርሹን በጊዜው አልቀነስኩም። ሐኪሙ እውነቱን ነው።"

ጥፋቱ የዕቃው ነው ብዬ ብምል ብገዘትም ማባበል መሰለው። ወደ መስኮቱ ተመለሰ፤ ሁለት ቀን መሪውን ዞር ብሎ አላየውም።

ጋሽ ዋት ሲመለሱ ዳገት ላይ እየጠፋ እንዳስቸገረን ነገርኳቸው። ትንሹን ሣጥን መግዛቴን ግን አልነገርኳቸውም። ገብተው የኬዙን ጎን ከፈቱ። ባለ አምስት መቶው ቁጭ ብሏል። እሱን አዩት፤ ቀጥሎ እኔን አዩኝ። ሕንፃው በሙሉ ዓመት ሙሉ ሲያወራብኝ ታየኝ።

"አትድከም ወንድሜ፣ የሹፌሩ ጥፋት ነው" አለ አባዬ፣ ከመስኮቱ ሳይዞር።

ጋሽ ዋት መነጽራቸውን አወለቁ።

"የሹፌሩ አይደለም፤ የእኔ ነው" አሉ። "ሂሳቡን የሠራሁት እኔ ነኝ። ተሳስቻለሁ።"

አባዬ ዞረ። ሃያ ዓመት ተጎራብተዋል፤ ያን ቃል ከዚያ አፍ ሰምቶ አያውቅም።

"አንተ?"

"እኔ። ጭነቱን ያልቻለው ሣጥኑ ነው። አንተ ልክ ነድተሃል።"

አመናቸው። እኚህ ሰው ለማጽናናት ብለው ተሳስቻለሁ እንደማይሉ በደንብ ያውቃል። ሲወጡ በሩ ላይ ቀስ ብለው፣ "አንቺ ልጅ፣ ሁለት ሳምንት ምን ነበራት?" አሉኝ። ሌላ ምንም አላሉኝም፤ እስከ ዛሬም ለማንም ትንፍሽ አላሉም። ይህን በጋዜጣ ለመጻፍ የደፈርኩት አባዬ የስፖርት ገጹን ብቻ ስለሚያነብ ነው።

ትልቁ ሣጥን መጣ፣ ተገጠመ፣ ዳገቱ ተወጣ። ጋሽ ዋት ዛሬም አልተለወጡም፤ የገዛሁትን ሁሉ ያንኳስሳሉ። ባለፈው ጉንፋን ይዟቸው ሦስት ቀን ቢጠፉብኝ ግን የማያስፈልገኝን የጠረጴዛ መብራት ገዝቼ፣ እንዲሰድቡልኝ ቤታቸው ድረስ ይዤላቸው ወጣሁ። ሰደቡልኝ፤ ቀለል አላቸው። እኔንም ቀለል አለኝ።

ቅዳሜ ከሥራ ስገባ ሁለቱ መንገድ ላይ ነበሩ። አባዬ መሪውን ይዟል፤ ጋሽ ዋት በስተቀኙ ባመጡት በርጩማ ተቀምጠው ኩርባ ሲመጣ አብረው ያዘነብላሉ። ምሳ በልታችኋል ወይ ብዬ ጠየቅሁ። አባዬ ከመንገዱ ዓይኑን ሳያነሣ፣ መኪናው ሊነሣ ስለሆነ ከሄድሽ ግቢ አለኝ። ሌላ ወንበር አልነበረም። ቦርሳዬን አስቀምጬ፣ የጋሽ ዋትን ትከሻ ይዤ ቆሜ ተሳፈርኩ።