ሐጂ በእሳት የፈተኑት ቀርከሃ

ካርቱም ውስጥ ጥላ የማይወድ ሰው ካገኛችሁ እባካችሁ አስተዋውቁኝ። እኔ እስካሁን አልገጠመኝም። የወዳጄ የጽጌ ምግብ ቤትም ሳጃና ሰፈር ውስጥ ከወጡ ይልቅ በራኩባው ነበር የሚታወቀው። ራኩባ በእንጨት ላይ ሳር የተከመረበት የደጅ ዳስ ነው። ቀዝቃዛ ነው፣ ርካሽ ነው፣ እሳት ሲያይ ደግሞ አያቅማማም።

አንድ ቀን ከከሰል ምድጃው የተነሳች ፍንጣሪ ያን ሁሉ ጥላ ሻይ ጠጥተን ሳንጨርስ አመድ አደረገችው። ሰው አልተጎዳም፣ ተመስገን። የቤቱ ባለቤት ሐጂ ደግ ሽማግሌ ናቸው፤ ያን ዕለት ግን ደነገጡ። «ያ ጽጌ፣ ሁለተኛ እሳት ካየሁ ኸላስ፣ አለቀ፣ ቤቴን ትለቂያለሽ» አሏት። ልጆቿን ያሳደገችው በዚያ ቤት ነው። ወዴት ትሂድ?

እኔ አናጺ ነኝ። ሪያድ ሰፈር አንድ ቪላ ውስጥ የሠራሁበትን የተጨመቀ የቀርከሃ ጣውላ ነገርኳት። «ቀርከሃ? ከሳር ወደ ማገዶ ልታሻግረኝ ነው?» አለችኝ። አልፈረድኩባትም፤ ቀርከሃ ሲባል ቅርጫትና አጥር አይደል የሚታየን? ይኼኛው ግን ተሰንጥቆ፣ ደርቆ፣ በሙጫ ተጣብቆ፣ በማሽን ተጨምቆ ድፍን እንጨት የሆነ ነው። አይነድም አልወጣኝም። ይነዳል እንጂ! ግን ወፍራም ከሆነ ላዩ ይከስልና የከሰለው ውስጡን እየሸፈነ እሳቱን ያዘገየዋል። ስስ ከሆነ ወይም ሙጫው የማይረባ ከሆነ፣ እሱን አትጠይቁኝ።

ሐጂ ወሬ አላመኑም። ከሰል አስቀጣጠሉና ያመጣሁላቸውን የጣውላ ቁራጭ በጉጠት ይዘው እሳቱ ላይ ደቀኑት። ጣውላው ጨሰ፣ ጠቆረ፣ ነበልባል ያዘ። ከእሳቱ ሲያርቁት ነበልባሉ ትንሽ ተንገዳግዶ ጠፋ። በቢላ ፋቅ ቢያደርጉት ውስጡ ቢጫ ነው፣ ጤነኛ። «ወላሂ፣ ይኼ ከልጆቼ ይሻላል፤ እነሱ በትንሽ ነገር ነው የሚነዱት» አሉና ፈቀዱ።

አዲሱን ዳስ ከላይ ቆርቆሮ፣ ከቆርቆሮው ሥርና ዙሪያውን ጣውላ አድርጌ ሠራሁላት። ያለቀው ለፋሲካ ነበር። ፋሲካ ያለ ቄጤማ ይሆናል እንዴ? ካርቱም ላይ ቄጤማ ከየት ይምጣ? ጽጌ ለአህያና ለፍየል የሚሸጠውን ብርሲም ገዝታ ወለሉን በሙሉ ጎዘጎዘችው። ጠዋት ለምለም መስክ መሰለ። የካርቱም ፀሐይ ግን ፋሲካ አያውቅም፤ ቀትር ላይ መስኩ ጭድ ሆኗል። ማን ልብ ይበል? ሁላችንም ዓይናችን ድስቱ ላይ ነው።

ጽጌ ድስቱን ስታወርድ አንዲት ፍም ወደቀች። እሳቱ ወለሉን ይዞ ሮጠና ግድግዳው ላይ ወጣ። ተጯጯህን፣ ያገኘነውን ውሃ ሁሉ ደፋንበት፤ የለስላሳው ማቀዝቀዣ በረዶም አልተረፈም። ጠፋ። ግድግዳው እንደ ማንቆርቆሪያ ቂጥ ጠቁሮ ቆሟል።

ሐጂን ጭሱ አመጣቸው። ጎንበስ ብለው ግድግዳውን በቢላ ፋቁ። ቢጫ። ከዚያ ወለሉን አዩ፣ ጽጌን አዩ።

«ያ ቢንቲ፣ ልጄ፣ ሳሩን ከጣሪያ ያስወረድኩሽ መሬት ላይ እንድታነጥፊው ነው?»

«በዓል ነው እኮ፣ ያ ሐጂ» አለችና ማልቀስ ጀመረች።

ሐጂ ቢላቸውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። «ጣውላውን ፈተንኩ፤ አንቺን መፈተን ነው የረሳሁት» አሉ። «ቤቴን ልቀቂ» ግን አላሏትም።

ከዚያ ወዲህ በየበዓላችን ጠዋት ሐጂ የውዱእ ኢብሪጋቸውን፣ ለሶላት የሚታጠቡበትን ማንቆርቆሪያ፣ ይዘው ይመጡና ሳሩን ያጠጣሉ። ቀትር ላይ ተመልሰው ይደግሙታል። እኛም ካልሲያችን እየራሰ «እንኳን አብሮ አደረሰን» እንላቸዋለን።